ሳይቆጠር የተለጠፈ ሽንቁር

ኤፕሪል 6፣ ቅዳሜ

አሰልጣኛችን አቶ ቬንዴሊን ከበረዶው ጋር ተዘግቶ የከረመውን የድንጋይ ማውጫ ዛሬ ከፈቱት። የክለባችን ተኩስ ሜዳ እሱ ነው። ገና ቁልፉ ከእጃቸው ሳይወጣ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተኳሽ ከልምምድ በኋላ የሚጽፍበት ደብተር ይያዝ። "የተሰማችሁን አይደለም። ያያችሁትን ጻፉ" አሉ። ሁለተኛ፣ በሴፕቴምበር ለክለቦች ፍጻሜ የሚሄደው ቡድን አራት ሰው ነው፤ ሦስቱ ታውቀዋል፤ ሂኔክና ሁለቱ የቤኔሽ ወንድማማቾች። አራተኛውን ቦታ በጁን፣ በጁላይና በኦገስት የሚደረጉት ውድድሮች ድምር ይለየዋል። ለዚያ ቦታ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔና ሚስቴ።

ሂኔክ ሲስቅ ድንጋዩ አስተጋባ። "ሉቦር፣ ከዛሬ ጀምሮ ራትህን ራስህ ቀቅል!" አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሚስቴ ሻርካ የሽጉጧ ካዝና ውስጥ ጥይት እየሞላች ነበር፤ ቀና አላለችም።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተኩሻለሁ። እሷ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያውም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሮጌውን ሽጉጤን የሰጠኋት፣ አያያዝ ያሳየኋት፣ "አፈሙዙ ከአፈር ግድግዳው አይዙር" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮህኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንም ቢያልፍ ክብሩ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። መኪና ውስጥ ይህንኑ ነገርኳት።

"አዎ፣ ቤት ውስጥ ነው" አለችና መስኮቱን ከፈተችው።

ያየሁት፦ ጥይቶቼ ከሞላ ጎደል ሁሉም መካከል ገብተዋል።

ኤፕሪል 17፣ ረቡዕ

የቤት ልምምድ። ሽጉጡ ባዶ፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። እኔ ሳሎን፣ እሷ ኮሪደር። የተኩስ ማስጀመሪያዋ ሰዓት ጢጥ ትላለች፣ ከአፎት እንመዛለን፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኳት ትንሽ ካርቶን ላይ እናልማለን፣ ቃታ እንስባለን፣ እንመልሳለን። እንደገና።

ደረጃው ላይ ከላይ ያለችዋ ወይዘሮ ኩቢችኮቫ አስቆመችኝ። "አንተ ሉቦር፣ በቀን ስንቴ ነው ምግብ የምታሞቁት? ማሞቂያችሁ ጢጥ፣ ጢጥ፣ አላስተኛ አለኝ።" እናሞቃለን፣ ይቅርታ፣ አልኳት። ምን ልበላት።

የሻርካ አመዛዘዝ ፈጥኗል። ከኔ በጥቂቱ ትዘገያለች። ኮሪደሩ ሰፊ ስለሆነ እዚያ ይቀላል።

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ

አቶ ቬንዴሊን ዛሬ ካለፈው ዓመት የተረፉ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ካርቶኖች አቆሙ። አዲሷ ጥይት የት እንደገባች በዓይን መለየት አይቻልም። ከጀርባቸው ግን ንጹሕ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ያንን የሚያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጥይቷ የት እንደሄደች ንገሩኝ" አሉ። "ካርቶኑን አትመልከቱ። ቃታው ሲለቅ የፊት ማነጣጠሪያዋ የት ነበረች? ጥይቷም እዚያው ናት። ይህን የማያይ ሰው ሲስት እንኳ አያውቅም፤ ካላወቀ ደግሞ ሌላ ጥይት አይጨምርም፤ ዳኛ መጥቶ እስኪነግረው ይሮጣል።"

እኔ ቀደምኩ። "መካከል። መካከል። መካከል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ግን መካከል።"

ወረቀቱን ገለበጡት። ሁለቱ ግራ ታችኛው ዳር ላይ ናቸው። አንዷ ጨርሶ የለችም።

ሻርካ ተተካች። "መካከል። ዝቅ ብላለች። ይቺ የለችም።"

"የለችም ማለት?"

"ስቻለሁ። ቃታውን መነተፍኩት፣ ከካርቶኑ ትከሻ በላይ ሄደች።"

ወረቀቱ ልክ ያለችውን አሳየ። አቶ ቬንዴሊን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። "ሉቦር፣ አንተ የምትነግረኝ የፈለግኸውን ነው። እኔ የጠየቅኩህ ያየኸውን ነው" አሉኝ። ሰው ፊት ነው ያሉት።

ሳስበው፣ እኔ ስተኩስ ፀሐይዋ ገና የድንጋዩ ጫፍ ላይ ነበረች፣ ዓይኔን ትወጋኝ ነበር። ሻርካ ስትደርስ ደመና መጣ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰበብ የሚፈልግ ሰው መምሰል አልፈልግም።

ሜይ 9፣ ሐሙስ

ሥራ። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ሕይወት ይኸው ነው፤ መሪው በሌላ ሰው እጅ፣ ሁለተኛው ፍሬን በኔ እግር ሥር። ዛሬ አንዲት ተማሪዬ አደባባይ ስትገባ ረገጥኩት። ቀበቶው አንገቷን ያዛት።

"አቶ ሉቦር፣ ልቆም ነበር እኮ! እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር።"

"ለደኅንነት ነው" አልኳት።

"ሁልጊዜ እኔ ልቆም ስል ነው የሚረግጡት" አለችኝ።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

የሻርካን አያያዝ አስተካከልኩላት። ግራ እጇ ሽጉጡን ወደፊት ሄዶ ነው የሚያቅፈው፤ በኔ አስተያየት ወደኋላ ሰብሰብ ቢል ለረጅም ጊዜ ይጠቅማታል። ለመጀመሪያ ሰሞን ይከብዳል፣ ያልፋል። "ከውድድሩ በፊት ነው የምለውጠው?" አለችኝ። "ጥሩ ልማድ በጊዜ ሲጀመር ነው" አልኳት። እሺ አለች። አመነችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥይቶቿ ተበታተኑ። ይህ የሚጠበቅ ነው።

ሜይ 25፣ ቅዳሜ

አቶ ቬንዴሊን ሻርካን ከኋላ ቆመው ሲያዩ ቆዩ፣ ከዚያ ሰዓቱን አቆሙት።

"ማነው እጅሽን የነካካው?"

ወደኔ አየች። በጣም አጭር ነበር። "ራሴ ነኝ፣ የሆነ ነገር እየሞከርኩ ነው" አለች።

"መሞከሩን ተይና ወደ ነበርሽበት ተመለሽ።"

ሻርካ ጭቅጭቅ አትወድም፤ ደግ ባሕርይዋ ነው። የእንስሳት ሕክምና ቤት ስለምትሠራ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ውሻ አቅፋ ነው የምትውለው። መኪና ውስጥ ስለ አያያዙ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ማንሳት ነበረብኝ?

ጁን 8፣ ቅዳሜ፣ ቀትር

የመጀመሪያው ውድድር። ሙቀት። ከውድድሩ ሜዳዎች ሦስቱን ጨርሰናል። ደህና ነኝ፣ አንድ ካዝና ጥዬ ጊዜ በላብኝ። ሻርካ ወደ ቀድሞ አያያዟ ተመልሳለች። በነጥብ ቀርባኛለች። ቋሊማውን በቆሜ በላሁ። አሁን ተጠራን።

ያው ቀን፣ ማታ

ቤት ገብተናል። ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አራተኛው ሜዳ ረጅም ነው፤ በሦስት የእንጨት ግድግዳዎች መሐል እየሮጡ ነው የሚተኮሰው፤ የመጨረሻው ካርቶን ከግድግዳ ጥግ፣ ግማሹ ተሸፍኖ፣ ሩቅ ነው የቆመው። ሻርካ ከመጀመሯ በፊት ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እያነጣጠረች መንገዷን ተራመደች። ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፤ የማያውቀን ሰው አብደዋል ይላል። ከዚያ ሰዓቷ ጢጥ አለች።

እንደዚያ ስትተኩስ አይቻት አላውቅም። የቸኮለች አትመስልም ነበር። እግሯ ይሄዳል፣ እጇ አይናወጥም፣ አንድ ቦታ ላይ ሦስተኛ ጥይት ጨመረች፤ አንዷ እንደሳተች ወዲያው አይታ ነው። ሰዓቱ ሲቆም ሂኔክ "ውይ!" አለ። እኔ ከማወጣው ጊዜ በታች ነበር።

"ጨርሰሽ ከሆነ አራግፊና አሳዪ" አለች ዳኛዋ፣ አንዲት ረጅም ሴት። "ባዶ ነው።"

ከዚያ እንደተለመደው ሆነ። ዳኛዋ ከካርቶን ካርቶን እየዞረች ሽንቁሮቹን ትቆጥራለች፤ ኤ ማለት መካከል፣ ሲ ማለት ዳር፤ የምድባችን ሰዎች ደግሞ ከኋላዋ እየተከተልን የተቆጠረውን በቡናማ ልጣፍ እንደፍናለን፣ ቀጣዩ ተኳሽ ንጹሕ ካርቶን እንዲያገኝ። እኔ የልጣፍ ጥቅል በእጄ ይዤ ነበር። ወደ ጥጉ ሄድኩ። ሩቁ ካርቶን ላይ ሁለቱ ሽንቁሮች መካከል ላይ ተነካክተው ነበር፤ በአንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ። እንደዚያ ያለ ነገር በሩጫ ላይ እኔ መትቼ አላውቅም። ጥቂት ቆሜ አየኋቸው።

እና ለጠፍኩ።

ዳኛዋ ጥጉን ዞራ መጣች። "ይሄን ማነው የለጠፈው? አልቆጠርኩትም እኮ!" ልጣፉን ስትልጠው የካርቶኑ ቆዳ አብሮ ተገነጠለ፤ ስንት ሽንቁር እንደነበረ መለየት አልተቻለም። አንድ ይሁን ሁለት ማንም አያውቅም። ሕጉ ግልጽ ነው። "ሙሉውን ሜዳ ደግመሽ ትተኩሺያለሽ" አለቻት።

"ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም ኤ" አለች ሻርካ። "አይቻቸዋለሁ።"

"አምንሻለሁ። መጻፍ ግን አልችልም።"

እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሁለቴ። ሁሉም ሰው ይደርስበታል። ሻርካ ደግማ ስትተኩስ ሁለተኛው ግድግዳ ጋ እግሯ አዳለጣት፣ ካዝና ወደቀባት፣ አንዱን ካርቶን ጭራሽ ዘላው አለፈች። በድምሩ እኔ በልጫታለሁ፤ በቂ ልዩነት ነው።

የሆነው እጅ ከለመደው ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሽንቁር ስትለጥፍ እጅህ አንተን አይጠይቅህም።

ጁን 9፣ እሑድ

ዳኛዋ ከኋላዬ የነበረች መስሎኝ ነው። አሁን ትዝ አለኝ፤ ድምፅዋን ሰምቼ ነበር፣ "ኤ፣ ኤ" ስትል። ከሱ በፊት ያለውን ካርቶን ይሆናል የቆጠረችው። የጆሮ መከለያ አድርገህ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም።

ሻርካ ሾርባ እየቀዳች፣ "ዳኛዋ የት ነበረች?" አለችኝ።

"ከኋላዬ።"

"እሺ" አለች። ዳቦውን አቀበለችኝ።

ጁን 12፣ ረቡዕ

ሦስት ተማሪ። ዝናብ። ጥግ ላይ ጥላ ነበር፣ ያንን ረስቼው ነው፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትገባ የተቆጠረና ያልተቆጠረ አይለይም።

ያም ሆነ ይህ፣ ያለፈ ነገር ነው።

ጁን 22፣ ቅዳሜ

ልምምድ። የሻርካ ቀበቶ ላይ አዲስ ነገር አለ፤ በጠፍር የተንጠለጠለ የልጣፍ ጥቅል። ከኔ ሣጥን ውስጥ የወሰደችው ነው። እኔ ልለጥፍ ስሄድ ባዶ እጄን ነበርኩ። "የት አደረግሽው?" ስላት "እኔጋ ይቀመጥ" አለች፣ ፈገግ ብላ። ከሷ በኋላ ሂኔክ ለጠፈ፤ ከሂኔክ በኋላ እሷ ለጠፈች። እኔ ካዝና ስሞላ ዋልኩ።

አቶ ቬንዴሊን ይህን ሁሉ አዩ፣ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በሰባ አራት ዓመታቸው የስፖርት አስተማሪነታቸውን አልተዉም፤ ዝም ሲሉ የሆነ ነገር እየመዘገቡ ነው።

ሽጉጡን በግራ እጄ ከጎን አጥብቄ ስይዘው፣ ሲዘል ቶሎ ይመለሳል። ጥሩ ነው። ቃታው ላይ ግን አሁንም ጣቴ ይቸኩላል።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ውድድር። ሻርካ በልጣኛለች። ልዩነታችን ጠቧል፣ አሁንም ግን በድምር ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ።

በእያንዳንዱ ሜዳ ላይ እሷ ስትጨርስ እኔ የጉላሽ ወጥ ወደሚሸጥበት ድንኳን እሄዳለሁ። ማንም አልላከኝም። እንዲሁ ርቦኝ ነው። ስለፋ ውዬ ሦስት ሳህን በላሁ።

ድንኳኑ ጀርባ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

"የትኛው ነው?"

"ያ ራሰ በራው፣ ሰማያዊ ቲሸርት። ለጣፊው ባል።"

"ኧረ! እውነት እሱ ነው? ሚስቱ እኮ ነብር ናት።"

"ለዛ ነዋ።"

ማንኪያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሳቃቸው ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነው የባሰው። ወጥቼ "ጥላ ነበር እኮ" ልላቸው ፈልጌ ነበር። ሳልወጣ ሳህኔን መለስኩ።

ማታ ሂኔክ ሲሰናበተኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ሰውዬ፣ ቢራ እንጠጣ፣ ፊትህ ኮምጣጣ ሆኗል" አለ። እምቢ አልኩ። ሂኔክ ጓደኛዬ ነው። ያንን ስም እሱም ሰምቶታል፤ ከፊቱ አይቻለሁ።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ

አልተኛሁም። ሻርካ እንደ ደንበኛ ነው የምታናግረኝ። "እባክህ"፣ "አመሰግናለሁ"፣ "ይበቃሃል?" አንድ ቀን እንኳ ጮሃብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚህ በፊት ከውድድር ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እያንዳንዱን ሜዳ ደግመን እንተኩሰው ነበር፣ በአፋችን፣ እየተሳሳቅን፤ አንዳንዴ መውጫችንን አልፈን እንሄዳለን። አሁን ሬዲዮ እንሰማለን።

ይናፍቀኛል። አጠገቤ ተቀምጣ ትናፍቀኛለች።

ጁላይ 28፣ እሑድ

ብቻዬን ወደ ድንጋይ ማውጫው ሄድኩ። አቶ ቬንዴሊን ሣር እያጨዱ ነበር። "ያንን ወንፊት ካርቶን ያቁሙልኝ" አልኳቸው። ማጨጃውን አጠፉ፣ አልጠየቁኝም።

"መካከል" አልኩ ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ።

"አየሃት?"

"አላየሁም" አልኳቸው።

"እሺ። ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስህ ነው። ቀጥል።"

ብዙ ጥይት አቃጠልኩ። የገባኝ ነገር፣ ቃታው ሊለቅ ሲል ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ለቅጽበት ነው፤ የሚመጣውን ላለማየት። ከዚያ ካርቶኑን እመለከትና የምወደውን ሽንቁር እመርጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት!

ከቀትር በኋላ አንድ ጊዜ ሆነ። ተኮስኩ፤ የፊት ማነጣጠሪያዋ ከኋለኛዋ ቦይ ወጥታ ወደ ግራ ስትነሳ በግልጽ አየኋት፤ ጩኸቱን እንኳ የሰማሁት አይመስለኝም።

"ግራ፣ ከፍ ብሎ፣ ዳሩ ላይ" አልኩ።

አቶ ቬንዴሊን ሄደው ወረቀቱን ገለበጡ፣ ብዙ ጊዜ ቆዩ። "ግራ፣ ከፍ ብሎ፣ ዳሩ ላይ" አሉ። መጥፎ ጥይት ነበረች። እንደሷ የተደሰትኩባት ጥይት ግን የለችም።

ቤት ገብቼ ለሻርካ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች።

"ምን ምን አየህ?"

"ማነጣጠሪያዋን። ስትነሳ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለ?"

ቢላውን አነሳች።

ኦገስት 10፣ ቅዳሜ

ልምምድ የለም። የሻርካ እናት ጋ ሄደን ፕለም ለቀምን፤ አማቴ ዘንድሮም ከሱ አረቄ ታስወጣለች። መሰላሉን እኔ ያዝኩ፣ ሻርካ ላይ ወጣች። እናትየው ከታች ሆና፣ "ሉቦር፣ አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳትጥላት!" አለች። ቀልድ ነው፤ ሁልጊዜ የምትለው ነው።

ሻርካ ከላይ ወደታች አየችኝ። አልሳቀችም። አንድ እጇን ከቅርንጫፉ ላይ አላነሳችም።

መሰላሉን እስከ መጨረሻው በሁለት እጄ ያዝኩ። ክንዴ አሁንም ያመኛል።

ኦገስት 23፣ ዓርብ

ነገ ነው። አቶ ቬንዴሊን ሒሳቡን ልከውልናል፤ የምቀድማት በጥቂት ነጥብ ነው። አንድ የሳተ ጥይት የሚያስቀጣው ከዚያ ይበልጣል።

ቦርሳ አሰናዳሁ። ውሃ፣ ዘይት፣ ጨርቅ። ሻርካ ጫማዋን እየጠረገች፣ "ነገ ማናችንም ብንሄድ፣ ሌላው ይመጣል አይደል? ለማየት" አለች።

"እንዴታ" አልኩ።

እሷ ብትሄድ የምሄድ ይመስለኛል? ይህን ጥያቄ ስጽፈው እጄ ቆመ። አላውቅም። ያየሁትን ጻፍ ተብያለሁ፤ ያየሁት እጄ ሲቆም ነው።

ኦገስት 24፣ ቅዳሜ

በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው የምጽፈው፤ ሻርካ ከሰው ጋር ትሰነባበታለች።

የመጨረሻው ሜዳ ላይ ስንደርስ ተቀራርበን ነበር፤ ሂኔክ በስልኩ እየደመረ "አንገት ለአንገት ናችሁ፣ እኔ ላብድ ነው" ይላል። ዳኛዋ ያቺ የጁኗ ረጅሟ ናት። ከሩቅ ስታየኝ ቅንድቧ ተነሳ። ሻርካ ከኔ ቀድማ ተኮሰች። ንጹሕ ተኩስ፣ ያልቸኮለ። ቀጣዩ እኔ ስለሆንኩ ካዝናዬን እያስተካከልኩ መነሻው ላይ ቀረሁ፤ ዳኛዋ ቆጠረች፣ ሂኔክና ታላቁ ቤኔሽ ለጠፉ።

ጢጥ።

ጥሩ ሄድኩ። ይህን መጻፍ እችላለሁ ምክንያቱም አይቼዋለሁ። አንድ ሲ፣ የቀሩት ኤ፣ ሁሉንም ከሰዓቱ ጋር ሳይሆን ከማነጣጠሪያዋ ጋር ነው የተኮስኩት። የመጨረሻው የግድግዳ መስኮት ጋ ሁለት ጥይት ይተኮሳል። የመጀመሪያዋ መካከል። ሁለተኛዋን ስለቅ እግሬ ቀድሞ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ማነጣጠሪያዋ ተነሳች፣ ወደ ግራ፣ ከትከሻው በላይ። አየኋት። ቆሜ ሌላ መጨመር ነበረብኝ። አልቆምኩም። "ምናልባት" አልኩ በልቤ፣ እና ሰዓቱ ቆመ። ጊዜው በጣም ጥሩ ነበር።

አራገፍኩ፣ አሳየሁ። ዳኛዋን ተከትዬ ዞርኩ። "ኤ፣ ኤ። ኤ፣ ኤ። ኤ፣ ሲ።" መስኮቱ ጋ ያለው ካርቶን ደረስን።

"ኤ" አለች ዳኛዋ፤ ከዚያ ጣቷ ወደ ግራ ዳር ሄደ። "እና ሲ።"

ሽንቁር ነበረች። ክብ፣ ንጹሕ፣ ግራ ዳር ላይ። ሂኔክ ከኋላ ሆኖ "ሉቦርዬ፣ ሄድክ! ቡድን ውስጥ ነህ!" ብሎ ጮኸ። ሻርካ ግድግዳው አጠገብ ቆማለች፣ እጆቿን አጣጥፋ፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዳኛዋ የውጤት መመዝገቢያ ስክሪኗ ላይ ልትጽፍ ጣቷን አነሳች።

"ይቺ የኔ አይደለችም" አልኩ።

"ምን?"

"የኔ ጥይት ከትከሻው በላይ ነው የሄደችው። እንደሳትኩ አይቻለሁ። ይቺ ሳትለጠፍ የቀረች ናት።"

ሂኔክ ቀረብ አለ። "አንተ፣ ምን ነካህ? እኔ እኮ ነኝ የለጠፍኩት፣ ሁሉንም ለጥፌያለሁ!" ከዚያ ካርቶኑን አየና ድምፁ ወረደ። "መሰለኝ።"

ዳኛዋ የሻርካን ውጤት ከፈተች። እዚህ ካርቶን ላይ አንድ ኤ፣ አንድ ሲ አላት። አጎንብሳ ካርቶኑን መረመረች። መካከል ላይ የኔ ሽንቁርና አንድ አዲስ ልጣፍ አለ፤ ዳሩ ላይ ግን ካለችዋ ሽንቁር በቀር የተለጠፈ ነገር የለም።

"የሷ ናት" አለች። "የረሷት ናት።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተን አውቅሃለሁ።"

"አዎ" አልኩ።

"እንዲያ ከሆነ አንድ ምት፣ አንድ ስህተት ነው። እጽፈዋለሁ። እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ፈረምኩ። ሂኔክ መደመሩን ትቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። መደመር አያስፈልግም፤ አራተኛው ቦታ የሻርካ ነው። የሚገርመው፣ እዚያ ቆሜ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ረሀብ ነው። ጠዋት ምንም አልበላሁም።

ሻርካ ከግድግዳው ተነስታ መጣች። ስለ ቡድኑ የሆነ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ቀበቶዋ ላይ ያለውን ጠፍር ፈታች። ከጁን ጀምሮ እዚያ የነበረውን የልጣፍ ጥቅል አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"በል፣ ልጠፍ" አለችኝ። "ታናሹ ቤኔሽ ይጠብቃል።"

ጫፉን በጥፍሬ ፈልጌ አገኘሁት፣ ሁለት ቁራጭ ቀደድኩ። አንዱ ለኔዋ፣ አንዱ ለሷ። ካርቶኑ ጋ ደርሼ እጄን አነሳሁና አቆምኩት፤ ወደ ዳኛዋ ዞርኩ።

"ተቆጥሯል?" አልኩ።

"ተቆጥሯል" አለች።

ለጠፍኩ።